ርችት ለሚፈራ ውሻ ፀጥ ያለ የካምፕ ቦታ፦ ከዲሲ አካባቢ የት እንሂድ?

የመቻል_እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ የነፃነት ቀን፣ ጁላይ 4፣ እየመጣ ስለሆነ ከወዲሁ ጭንቅ ይዞኛል። መቻል የሚባል ውሻ አለን። ከመጠለያ ነው ያመጣነው። በሌላው ጊዜ እንደሱ የረጋ ውሻ የለም። ርችት ሲሰማ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። መታጠቢያ ቤት ይገባና በሽንት ቤቱ መቀመጫና በገንዳው መሀል ይወሸቃል። ምራቁ ደረቱን እስኪያርሰው ይዝረበረባል። ጥፍሩ የገንዳውን ጠርዝ ሲቧጭር እኛ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል። የተቀቀለ ዶሮ አፍንጫው ሥር ብናደርግለት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም።

ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ርችት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልጆች በእጃቸው የሚይዙት ብልጭልጭ ሳይቀር። ግን ማን ይሰማል? ከቀኑ በፊትም በኋላም ይተኮሳል። ዘንድሮ ደግሞ አሜሪካ 250 ዓመት የምትደፍንበት ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ ላይ ውሏል። ስለዚህ ከባለቤቴና ከልጆቹ ጋር ድንኳን ጭነን ከከተማ ልንወጣ አስበናል።

ውሻ የሚፈቀድበት፣ ርችት የማይሰማበት፣ በመኪና ቢበዛ አራት አምስት ሰዓት የሚወስድ ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ። ሽንት ቤትና ውሃ ካለ ይበቃናል።

ቡና_በጠዋት (ውድብሪጅ)

እህቴ አይዞሽ፣ የኛም ውሻ እንደዚያው ናት። ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ፕሪንስ ዊልያም ፎረስት ፓርክ ሂዱ ይልሻል። ፓርኩ ደስ ይላል፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በገመድ እስከያዝሻት ድረስ ውሻ ይፈቀዳል። ነገር ግን አጠገቡ ኳንቲኮ የማሪኖች ጦር ሰፈር አለ። ልምምድ ባለበት ቀን የከባድ መሣሪያው ድምፅ ደኑን አልፎ ይመጣል። ለሰው ምንም አይደለም። የኛዋ ግን የመጀመሪያውን «ድው» እንደሰማች መኪና ውስጥ ገብታ ከመቀመጫው ሥር ተኛች፤ አልወጣም አለች። ለመቻል አይሆንም።

ግሪንቤልት ፓርክም ካምፕ አለው፤ ለዲሲ በጣም ቅርብ ነው። ያው ቅርብ ስለሆነ የከተማው ርችት እዚያም ይሰማል። በዚያ ላይ ዋናው መንገድ አጠገቡ ነው።

ተራራ_ወዳድ (አሌክሳንድሪያ)

የመቻል እናት፣ ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልስልሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ብዙ ሰው ፀጥታ ፍለጋ ሲነሳ ርቀት ይቆጥራል። እኔ የምልሽ ከርቀቱ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ እዪ ነው። በብሔራዊ ፓርክና በብሔራዊ ደን ውስጥ ርችት ክልክል ነው። ከድንበሩ ውጪ ግን የስቴቱ ሕግ ነው የሚሠራው። ዌስት ቨርጂኒያ ከ2016 ጀምሮ ወደ ሰማይ የሚወነጨፈውን ጭምር ለአዋቂ ፈቅዳለች። ፔንሲልቬንያም በ2017 ተከትላለች። ስለዚህ «ገጠር ነው፣ ጭር ያለ ነው» ብለሽ ሐይቅ ዳር የግል ካምፕ ብትይዢ ከሰፈርሽ የባሰ ሊገጥምሽ ይችላል። ሐይቅ ዳር የሚሰበሰበው ሰው አንዱ የሚመጣው ርችት ሊተኩስ ነው። ውሃው ደግሞ ድምፁን ሳይቀንስ ያሻግረዋል።

ከዚያ ቀጥሎ መልክዓ ምድሩን እዪ። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝና ንፋሱ ሲቆም ድምፅ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን የማይሰማሽ የሩቅ መንደር ማታ ይሰማሻል። በአንቺና በመንደሩ መሀል ተራራ ካለ ስንጥቅ የሚለውን ድምፅ ይከለክልልሻል። ጉርምርምታው ግን ዞሮም ቢሆን ይመጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ወራጅ ውሃ ነው። ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ የሚወርድ ጅረት አጠገብ ድንኳን ከተከልሽ ያን ጉርምርምታ ይውጠዋል። እኔ ቦታ ስመርጥ ከምንም በፊት ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ነው የምፈልገው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

ቨርጂኒያ ያለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በእግር መንገዶቹ ላይ ውሻ ከሚፈቅዱ ጥቂት ትልልቅ ፓርኮች አንዱ ነው። ከጥቂት መንገዶች በስተቀር ሁሉም ጋ ይዘሽው መሄድ ትችያለሽ፤ ገመዱ ከ6 ጫማ አይርዘም። አራት ትልልቅ ካምፖች አሉት። ቢግ ሜዶውስ ከ200 በላይ ቦታ ስላለው በበዓል ሰሞን ገበያ ነው የሚሆነው። ሉዊስ ማውንቴን 30 ገደማ ብቻ ነው ያለው። ለመቻል የምመርጠው እሱን ነው። በሁሉም ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የፀጥታ ሰዓት ነው። ጀነሬተር በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ጨርሶ የማይፈቀድባቸው ክፍሎችም አሉ። ቦታ ስትይዢ እነዚያን ፈልጊ።

ሁለት ነገር ግን እወቂ። በተራራው ጫፍ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፤ ሞተርሳይክል ነጂዎች ይወዱታል። ከመንገዱ የራቀውን ቦታ ያዢ። ሌላው፣ በጁላይ 4 ማታ ሰው ወደ ምዕራብ የሚያዩት መመልከቻዎች ላይ ተሰብስቦ የሸለቆውን ከተሞች ርችት ያያል። እዚያ ውሻ ይዘሽ እንዳትቆሚ።

ለርቀት ግድ ከሌለሽ ግን ሞኖንጋሂላ ብሔራዊ ደን ነው የኔ ምርጫ። ዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ ከ900 ሺህ ኤከር በላይ ይሆናል። ስፕሩስ ኖብ የስቴቱ ከፍተኛ ተራራ ነው፣ 4,863 ጫማ። እሱ አጠገብ ስፕሩስ ኖብ ሌክ የሚባል ካምፕ አለ። የመኪና ቤት የሚሰካበት መብራት የለውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት መሰኪያ ያለበት ካምፕ ትልልቅ መኪኖች፣ ቴሌቪዥንና ሙዚቃ ይከተሉታል።

ካምፑ ደርሰሽ ድንኳን ስትተክዪም ዝም ብለሽ የመጀመሪያውን ቦታ አትያዢ። ከሽንት ቤቱ ራቂ፤ በሩ ሌሊቱን ሙሉ በስፕሪንግ ተመልሶ «ዷ» ይላል። ድብ እንዳይወስደው ምግብ የሚቀመጥበት የብረት ሳጥንም አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ከጠመንጃ አይተናነስም። እኔ ውሻዬ ካለች ክዳኑን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ አድርጌ ነው የማሳርፈው፤ ጠርዙ ላይም ፎጣ አደርጋለሁ።

ቡና_በጠዋት

የብረት ሳጥኑን ነገር ማንም አይናገርም። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።

የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር ያሉት ነፃ ካምፖችስ? በፖቶማክ ዳር ዳር ያሉት ማለቴ ነው።

ተራራ_ወዳድ

እነሱ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተሠሩ ናቸው፤ መኪና ካጠገባቸው አይቆምም። ውሻ በገመድ ይፈቀዳል። ችግሩ ባቡር ነው። የጭነት ባቡር ሐዲዱ በብዙ ቦታ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሌሊት ጡሩምባውን ሲነፋ ሰው እንኳ ብድግ ይላል። ርችት ከሚፈራ ውሻ ጋር አልመክርም።

ጡረተኛው (ፌርፋክስ)

ልጄ፣ ሌላ ሐሳብ ልስጥሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ውሻ ፀጥታ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ የለመደውን ቦታ ይፈልጋል። በማያውቀው ጫካ፣ ስስ ጨርቅ ውስጥ፣ ዙሪያውን የአውሬ ሽታ እየሸተተው ማደር ራሱ ጭንቀት ነው። ደግሞ ጁላይ ላይ ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ከርችት ሸሽታችሁ መብረቅ ላይ ትወድቃላችሁ።

እኔ ምድር ቤት አለኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ፣ ትልቁን ማራገቢያ እለቅቃለሁ፣ አልጋውን እዚያ አወርድለታለሁ። እኔም ወርጄ አጠገቡ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እንደዚህ አድርገን ነው የምናሳልፈው። ምድር ቤት ካለሽ አስቢበት።

የመቻል_እናት

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ምንም ቅር አላለኝም። ችግሩ እኛ የምንኖረው አፓርታማ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት የለንም። ድንኳን ግን ይወዳል። ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ሲተክሉት ከነሱ በፊት ገብቶ ይተኛል።

ነጎድጓዱ ግን አሳስቦኛል። እሱንም ይፈራል፤ እንደ ርችቱ ባይብስም።

ተራራ_ወዳድ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። የጁላይ ነጎድጓድ እዚያ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጉዞውን ከሰዓቱ ጋር አስማሚው። ጠዋት በማለዳ ውጡና ከእኩለ ቀን በፊት ተመለሱ። ገላጣ ጫፍ ላይ ከሰዓት በኋላ አትገኙ። ነጎድጓድ ሲጀምር ድንኳን መጠለያ አይደለም፤ ለሰውም ለውሻም። መኪና ውስጥ ግቡ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማራገቢያው በርቶ፣ ብርድ ልብሱ ከላይ ከተደረገለት ከቤትሽ መታጠቢያ ክፍል ያልተናነሰ መደበቂያ ነው።

እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መቻል መኪና ውስጥ ካንዳችሁ ጋር ይደር። የኋላውን መቀመጫ አጥፋችሁ የራሱን ፍራሽ አንጥፉለት። ሌሎቹ ድንኳን ውስጥ ይተኙ። የፈራ ውሻ የድንኳን ዚፕ አያቆመውም፤ በአፍንጫው ከፍቶ ይወጣል።

ሐኪም_ዘዳላስ

ሰላም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቦታውን ለተራራ ወዳድ ትቼ ስለ ውሻው ልናገር።

የተቀቀለ ዶሮ አፍንጫው ሥር ሆኖ አያየውም ያልሽው ለኔ ትልቅ ምልክት ነው። ምግብ የማይቀበል ውሻ ፍርሃቱ ከልምምድ በላይ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ውሻ መድኃኒት ቅንጦት አይደለም። ብዙ ሐበሻ «ውሻዬን አላደነዝዝም» ይላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ፍርሃቱን ራሱን የሚቀንሱ ናቸው። በ2015 እዚህ አገር ለድምፅ ፍርሃት ተብሎ የተፈቀደ ሲሊዮ የሚባል ጄል አለ። በጉንጩና በድዱ መሀል ይደረጋል። ርችቱ ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የሚሰጠው። የምትሰጪው ጓንት አድርገሽ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሌላ ሰው ይስጠው። ከዚህ ሌላ ትራዞዶንና ጋባፔንቲን ብዙ ጊዜ እናዛለን።

ሐኪምሽ አሴፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። ሰውነቱን ያዝለዋል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳለትም። ውሻው እየሰማ፣ እየፈራ፣ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከውጭ ሲታይ «ተረጋጋ» ስለሚያስብል።

የትኛውም መድኃኒት ይታዘዝ፣ ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ በሰላሙ ቀን ሞክሪው። ጫካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከርም። የሰው መድኃኒት ደግሞ ፈጽሞ አትስጪ።

«ስታባብይው ፍርሃቱን ታበረታቻለሽ» የሚልሽን አትስሚ። ፍርሃት በማቀፍ አይባባስም። ሊጠጋሽ ከፈለገ አስጠጊው፤ ሊደበቅ ከፈለገ ተዪው፣ ጎትተሽ አታውጪው።

ዕድሜው ስንት ነው? ትልቅ ውሻ ድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረ አንዳንድ ጊዜ ከጀርባው የመገጣጠሚያ ሕመም ይኖራል። ሲደነግጥ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ያመዋል፤ ከዚያ ድምፁንና ሕመሙን አንድ ያደርጋቸዋል።

የመቻል_እናት

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። ስድስት ዓመት ገደማ ነው ብለውናል። ካመጣነው ጀምሮ ይፈራል፤ አዲስ አይደለም። ለማንኛውም ሕመሙንም እንዲያዩት ቀጠሮ እይዛለሁ።

ሃምቡርግ_ነኝ

እኛ ጋ ጁላይ ሳይሆን ዲሴምበር 31 ነው ጉዱ። ጀርመን ርችት ለሕዝብ የሚሸጠው ከ29 እስከ 31 ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የታመቀው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይፈነዳል። በክረምት ድንኳን አይታሰብም፤ በየጫካው እንደልብ ድንኳን መትከልም አይፈቀድም። ግን ያሰብነው ዘዴ ለናንተም ይጠቅም ይሆናል።

እዚህ የውሻ ባለቤቶች ሁለት ቦታ ይሸሻሉ። አንዱ ደሴቶቹ ናቸው። ዙልትና አምሩም ላይ የቤቶቹ ጣሪያ ደረቅ ሸምበቆ ስለሆነ ርችት ክልክል ነው። ሌላው የአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል ነው። ሲሰሙት ግራ ይገባል። ግን ማረፊያው ዙሪያ ርችት አይፈቀድም፤ መስኮቶቹም ድምፅ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ለዚያ ሌሊት ውሻ ለያዘ ሰው ብለው ልዩ ዋጋ የሚያወጡ ሆቴሎች አሉ።

ተራራ ወዳድ መሬቱ የማን እንደሆነ እዪ ያለውን እደግፋለሁ። ርችት የሚከለክል በቂ ምክንያት ያለበትን ቦታ ፈልጉ። ሣር ጣሪያ፣ የደን ቃጠሎ፣ አውሮፕላን። ለውሻ ብሎ የሚከለክል የለም፤ ለእሳት ብሎ ግን ይከለክላል።

የሰበታ_ልጅ (ኢትዮጵያ)

ከአገር ቤት ልጨምር። እዚህ የበዓል ዋዜማ ርችት አለ፣ የሠርግ ሙዚቃ አለ፣ የማይክ ድምፅ አለ። እኔ ውሻዬን ይዤ ወደ መናገሻ ሱባ እወጣለሁ። ጽዱና ዝግባው ድምፁን ያርቀዋል። ጠዋት የምትሰማው ጉሬዛውን ነው። ውሻ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ግን ሁልጊዜ በር ላይ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ማታ ከኔ ጋር እዘጋበታለሁ እንጂ ውጭ አላስረውም። ጅብ አለ፣ ነብር አለ፤ ነብር ደግሞ ውሻ ይወዳል።

ላንጋኖ ለሚያስቡ፦ የሥራ ቀን ጭር ያለ ነው። ቅዳሜ ማታ ግን ስፒከሩ ከየአቅጣጫው ነው።

ከዚህ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ለዕረፍት መጥታችሁ ፀጥታ ፍለጋ ብላችሁ ውሻ ይዛችሁ ባሌ ወይም ሰሜን ተራሮች እንዳትሄዱ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ አብዛኛው ባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ጨርሷል። በሽታው የመጣው ከቤት ውሻ ነው። የተከተበ ነው ብላችሁም አትውሰዱ፤ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታም አለ። ሌላ ስንት ጫካ አለ።

ሐኪም_ዘዳላስ

የሰበታ ልጅ፣ ይህን ስላነሳህ እግዚአብሔር ይባርክህ። ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው።

የመቻል_እናት

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ስፕሩስ ኖብ አካባቢ ልንሞክር ነው። ዓርብ ሳይሆን ሐሙስ ጠዋት እንወጣለን፤ ከመንገዱ ጭንቅንቅም ከርችቱም ቀድመን እንደርሳለን። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ስልክ ይሠራል? ደግሞ የጂፒኤስ ኮሌታ ልገዛለት አስቤ ነበር፤ ጥሩ ነው?

ተራራ_ወዳድ

ሐሙስ መውጣታችሁ በጣም ጥሩ። ቀኑ ሳይደርስ ሽታውንም ድምፁንም ይለምደዋል።

ስልክ አትመኚ። ያ አካባቢ ተራራማ ነው። ከዚያም በላይ በ1958 ለግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ ሲባል የሬዲዮ ሞገድ የሚገደብበት ክልል ተደርጓል። ስፋቱ 13 ሺህ ስኩዌር ማይል ነው። ኔትወርክ ስለማይኖርሽ ካርታውን ቤት ሳለሽ አውርጂ። በአቅራቢያው ማታ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም የት እንዳለም ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ።

ኮሌታውም ላይ ችግሩ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ያሉበትን ቦታ የሚልኩት በስልክ ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ኮሌታው የት እንዳለ ያውቃል፤ አንቺ ግን አታውቂም። ከገዛሽ በራሱ ሬዲዮ ከእጅ መሣሪያ ጋር የሚገናኘውን፣ አዳኞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት እዪ። ውድ ነው። ካልሆነ ገመዱን ሁለት ቦታ እሰሪው፤ አንዱን ኮሌታው ላይ፣ አንዱን ደረቱ ላይ ባለው ማሰሪያ። የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ኮሌታው በጭንቅላቱ ይወልቃል።

ሐኪም_ዘዳላስ

ቆዳው ሥር ባለው መለያ ማይክሮቺፕ ላይ የተመዘገበው ስልክ የአሁኑ መሆኑን አረጋግጪ። ከመጠለያ የመጣ ውሻ ስለሆነ አንዳንዴ የድሮው ባለቤት ወይም የመጠለያው ቁጥር ነው የሚቀረው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮሌታው ላይም ስልክሽ የተጻፈበት ነገር ይንጠልጠል። ገጠር የሚያገኘው ሰው ቺፕ ማንበቢያ የለውም።

ጡረተኛው

ካላችሁበት አፓርታማ ይሻላል፤ ሂዱ ልጄ። የሚተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቢ ውሰጂለት። የቤቱ ሽታ ይኑረው።

ቡና_በጠዋት

እኛ ደግሞ ለታንክስጊቪንግ፣ በኖቬምበር መጨረሻ ላለው የምስጋና በዓል፣ አስበን ነበር። ርችት የለም፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው የለም። ሞኖንጋሂላ እንሂድ?

ተራራ_ወዳድ

ያኔ አይሆንም። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው የዚያኑ ሳምንት ሰኞ ነው። በብሔራዊ ደን ውስጥ አደን ይፈቀዳል፤ ከንጋት ጀምሮ ተኩስ ትሰማላችሁ። የቨርጂኒያ ደኖችም ያው ናቸው። በዚያ ሰሞን ሸናንዶዋ ይሻላል፤ ፓርኩ ውስጥ አደን ክልክል ነው። የየካምፑን መዝጊያ ቀን ግን ቀድማችሁ እዩ፤ በክረምት ይዘጋሉ። ከፓርኩ ድንበር ጥግ ሳይሆን መሀል ያለውን ያዙ፤ ከውጭ የሚተኮሰው እንዳይሰማት። ለማንኛውም ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሷት።

ቡና_በጠዋት

ተቀብያለሁ። የመቻል እናት፣ ስትመለሺ የቦታውን ቁጥር ጻፊልን፤ ጅረቱ አጠገብ ያለውን።